የሕንድ ቤተ መንግሥት ሥዕሎችን እንዴት እንመዝን?

የሕንድ ነገሥታት ያሠሯቸውን የጥንቶቹን ታላላቅ የሕንድ የጀግንነት ትረካዎች፣ የራማያናንና የማሃባራታን፣ ሥዕላዊ መጻሕፍት የሚገልጥ ሰው፣ ዓይኑ ቀድሞ የሚያርፈው ወርቁ ላይ ነው። ወርቅ ግን ያሠሪውን ሀብት እንጂ የሠዓሊውን ችሎታ አይመሰክርም። ሥዕሎቹ የተሠሩት ከጽሑፍ ጋር ታሪክ ሊናገሩ ስለሆነ፣ መመዘንም ያለባቸው በመጀመሪያ በትረካቸው ነው።

ለዚህ ሳሂብ ዲንን የሚያህል አስተማሪ አላውቅም። ይህ ሙስሊም ሠዓሊ በሰሜን ምዕራብ ሕንድ የነበረው የሜዋር መንግሥት ገዥ ጃጋት ሲንግ ባስጀመረውና ከ1649 እስከ 1653 እ.ኤ.አ. በተዘጋጀው ታላቅ ራማያና ላይ ሠርቷል። የትረካው ጀግና ራማና ወንድሙ ላክሽማና በእባብ ፍላጻ የታሰሩበትን ገጽ ይመልከቱ። ፍላጻውን የተኮሰው ጠላታቸው ኢንድራጂት በዚያው ገጽ ላይ ደጋግሞ ይታያል፤ የራማ ሚስት ሲታ ደግሞ በሚበር ሠረገላ ሆና የወደቁትን ታያለች። ብዙ ድርጊት በአንድ ወረቀት ላይ ቢሰፍርም ዓይን መንገዱን አይስትም። ደካማ ሠዓሊ ይህን ሲሞክር ሰዎቹን ያጭቃል እንጂ ታሪኩን አያስኬድም።

ቀጥሎ መስመሩን ይመርምሩ። ጣቶችን፣ የዓይን ጥግንና የልብስ ጫፍን ይዩ። የሠለጠነ እጅ የሚያሰምረው መስመር እንደ አካሉ ቅርጽ ይወፍራል፣ ይቀጥናል። የቀጂ መስመር ግን ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት ነው፤ ወይም ይንቀጠቀጣል።

ቀለሙን በጎን ብርሃን ይዩት። የጥንቶቹ ሠዓሊዎች ሥዕሉን በግንባሩ ደፍተው ጀርባውን በለስላሳ ድንጋይ ያሹት ስለነበር፣ ቀለሙ ከወረቀቱ ጋር ተዋሕዶ ይታያል። ጌጡንም በዚሁ ብርሃን ይመርምሩ፤ በ17ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በሂማላያ ግርጌ በምትገኘው ባሶሊ የነበሩ ሠዓሊዎች የጢንዚዛ ክንፍ ሽፋን ቆርጠው በመረግድ ምትክ ይለጥፉ ነበር። ገጹ ዘንበል ሲል አረንጓዴው ያበራል፤ የሚያበራው ግን ጌጥ በሚገባበት ቦታ ብቻ ነው። ልከኝነት ማለት ይህ ነው።

ሊገዙ ካሰቡ ይጠንቀቁ። በአሮጌ የእጅ ጽሑፍ ወረቀት ላይ ዛሬ የተሣሉ ሥዕሎች በገበያ ሞልተዋል። ቀለሙ ፊደል ላይ ከወጣ፣ ወይም ጽሑፉ የሒሳብ መዝገብ ሆኖ ሥዕሉ የሂንዱውን አምላክ ክሪሽናን ካሳየ፣ ወረቀቱ ቢያረጅም ሥዕሉ አዲስ ነው።

ከመግዛትዎ በፊት ግን ዓይንዎን ያሠልጥኑ። በእንግሊዝና በሕንድ ተበታትነው የሚገኙት የሜዋር ራማያና ገጾች በ2014 እ.ኤ.አ. በዲጂታል መልክ በአንድነት ለሕዝብ ቀርበዋል፤ ከእነሱ ይጀምሩ።