ደመወዙም ክፍሉም አንድ ማኅደር ነው

አስፋልት ሲዘጋ ከተማው ወዲያው ያውቃል። ሳይማሩት የታለፈ ምዕራፍ ግን ብቅ የሚለው ከዓመታት በኋላ፣ በብሔራዊ ፈተና ነው። ለመንግሥት ትምህርት ቤት መሟገትን ከባድ የሚያደርገው ይኸው ነው። ጉዳቱ ቶሎ አይታይም፤ ሲታይ ደግሞ የሚጠየቀው ኃላፊ ሌላ ቦታ ተዛውሯል።

እኛ ዘንድ፣ በጉራጌዋ ወልቂጤ፣ ይብሳል። በነሐሴ 2014 ዓ.ም. የጉራጌ የክልልነት ጥያቄ ሱቁንም መሥሪያ ቤቱንም አዘጋ። በየካቲት 2015 ዓ.ም. ውኃ ጠፋብን ብለው ጀሪካን ይዘው በወጡ ነዋሪዎች ላይ ተተኩሶ ቢያንስ 3 ሰዎች ሞቱ። በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ተመሠረተ፤ መዋቅሩም ማኅተሙም ተቀየረ። በእንዲህ ያለ ጊዜ ተነስቶ «ዘጠነኛ ክፍል የፊዚክስ መምህር የለውም» የሚል ሰው፣ ቤት ሲቃጠል ስለ መጋረጃ የሚያወራ ይመስላል።

በትምህርት ቤታችን የመሠረታዊ መምህራን ማኅበር ተወካይ ሆኜ ብዙ ደብዳቤ ጽፌያለሁ፤ ብዙ በርም አንኳኩቻለሁ። ከዚህ ሥራ የያዝኩት አንድ መርሕ አለ፦ የመምህሩን ጉዳይና የተማሪውን ጉዳይ በሁለት ወረቀት አልጽፍም።

ሁለቱ ተራ በተራ ሲጎድሉ አይቻለሁ። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ኮሮና ሲገባ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። ያኔ እኛ የመንግሥት መምህራን ደመወዝ ነበረን፤ የጠፋው ትምህርቱ ነበር። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በደቡቡ የሀገራችን ክፍል፣ ወላይታንና ሀዲያን በመሳሰሉ ዞኖች፣ ነገሩ ተገለበጠ። ትምህርት እያለ ደመወዝ ለወራት የሚዘገይበት ጊዜ መጣ። መምህራን ሲጠይቁ ከሚያገኟቸው መልሶች አንዱ የማዳበሪያ ዕዳ ነበር። ለአርሶ አደሩ በብድር የተከፋፈለው ማዳበሪያ ገንዘቡ ሳይሰበሰብ ሲቀር፣ ዕዳው ከወረዳው በጀት ላይ ይቆረጣል። የወረዳ በጀት አብዛኛው ደመወዝ ነውና የሚጎድለው ከመምህሩ፣ ከጤና ባለሙያውና ከግብርና ሠራተኛው ኪስ ነው።

ተሟጋች ይህን የገንዘብ መንገድ ካላወቀ የትምህርት ጽሕፈት ቤቱን ደጃፍ ሲመላለስ ይከርማል። ጽሕፈት ቤቱ መምህሩን ይመድባል፣ ይገመግማል፤ ገንዘቡ ያለው ግን ፋይናንስ ዘንድ ነው፣ ቅደም ተከተሉን የሚወስነውም ካቢኔው ነው። ስለዚህ የደብዳቤ ግማሽ ጉልበቱ ግልባጩ ላይ ነው። ለትምህርት ጽሕፈት ቤቱ የተጻፈ ደብዳቤ ለፋይናንስ፣ ለምክር ቤቱና ለዞኑ መምህራን ማኅበር ግልባጭ ካልተደረገለት መሳቢያ ውስጥ ይተኛል። ግልባጭ ከሆነ ግን «አልሰማሁም» የሚል ይጠፋል።

ወደ ደብዳቤው ይዘት ልምጣ። ባልደረቦቼ የሚያመጡልኝ ረቂቅ ሁልጊዜ «እኛ መምህራን በከፍተኛ የኑሮ ችግር ላይ ስለምንገኝ» ብሎ ነው የሚነሳው። እውነት ነው። የቤት ኪራይ ቀን አይጠብቅም፤ ባለሱቁም ዱቤ ያቆማል። ነገር ግን ኃላፊው እንዲህ የሚል ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ተከምሮለታል፤ እሱም ራሱ ደመወዝተኛ ነው። ስለዚህ ረቂቁን እገለብጠዋለሁ። የክፍል አለቃው የትኛው መምህር እንደገባና የትኛው እንደቀረ በየክፍለ ጊዜው ምልክት የሚያደርግበት ወረቀት አለ። ከዩኒት ሊደሮቹ እሰበስብና በየትምህርቱ አስደምረዋለሁ። ደብዳቤው እንግዲህ የሚጀምረው በዚህ ወር የትኛው ክፍል ስንት ክፍለ ጊዜ እንዳመለጠው በማሳየት ነው። ምክንያቱ ቀጥሎ ይመጣል፦ የባጃጅ ሂሳብ አጥቶ ከሩቅ በእግሩ የሚመጣው፣ የቀን ሥራ የገባው፣ ልጁን ማሳከም አቅቶት የቀረው። የደመወዙ ጥያቄ ሦስተኛ አንቀጽ ላይ ይቀመጣል፤ እዚያ ሲደርስ ልመናነቱ ቀርቶ መፍትሔ ሆኗል።

ይህን ሐሳብ የማይወዱ ባልደረቦች አሉ። «መቅረታችንን በራሳችን እጅ ልናስመዘግብ ነው?» ይላሉ። ስጋታቸው ይገባኛል፤ ያ ወረቀት የተዘጋጀው መምህሩን ለመቆጣጠርና ደመወዙን ለመቁረጥ ነው። ግን ያልተከፈለ ደመወዝ አይቆረጥም! የቀረነውን ከደበቅን ደግሞ «ሳይከፈላቸውም እያስተማሩ ነው፣ ችግር የለም» የሚል ሪፖርት ወደ ላይ ይሄዳል።

የወላጅ ተማሪ መምህር ኅብረት፣ እኛ ወተመህ የምንለው፣ ስብሰባ ላይ አንዲት ነጋዴ እናት «ቲቸር፣ የናንተ ደመወዝ እኔን ምን አገባኝ? እኔ ልጄ ይማርልኝ ነው የምለው» አሉኝ። አልተከራከርኳቸውም። የልጃቸውን ክፍል ወረቀት አውጥቼ «እትዬ፣ ይኸው ባዶ ያለፈው ክፍለ ጊዜ፤ ይኼኛው ሒሳብ ነው፣ ይኼኛው እንግሊዝኛ» አልኳቸው። ወደ ሰብሳቢው ዞረው «ይኼን እስከ ዛሬ ለምን አልነገራችሁንም?» አሉ። የሚቀጥለው ደብዳቤ ላይ የወላጆች ፊርማ ከእኛ በላይ ሰፈረ። የመምህር ፊርማ ያለበት ወረቀት «አድማ» ሊባል ይችላል፤ የወላጅ ፊርማ ያለበትን እንዲያ ማለት ይከብዳል።

ይህ ብልሃት አዲስ አይደለም። በ1941 ዓ.ም. የተመሠረተው የኢትዮጵያ መምህራን ማኅበር በየካቲት 1966 ዓ.ም. ሥራ ሲያቆም የያዘው የደመወዝ ጥያቄ ብቻ አልነበረም። ሴክተር ሪቪው የተባለው የትምህርት ክለሳ የድሃውን ልጅ ከታች ክፍሎች እንዳያልፍ ያደርገዋል የሚል ተቃውሞም ነበረው። ወላጁን ከመምህሩ ጎን ያቆመው ይህ ሁለተኛው ነው፤ መንግሥትም ክለሳውን ለማቆም ተገደደ። ጥብቅና ዋጋ እንደሚያስከፍል ደግሞ የኋላው ታሪክ ያሳያል። ከማኅበሩ አመራሮች ዶክተር ታዬ ወልደሰማያት ከ1988 እስከ 1994 ዓ.ም. ታሰሩ፤ አሰፋ ማሩ ሚያዝያ 30 ቀን 1989 ዓ.ም. ወደ ሥራው ሲሄድ አዲስ አበባ ላይ በፖሊስ ጥይት ተገደለ። ዛሬም የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ የመንግሥት ሠራተኛን ስለማይመለከት፣ ሥራ ለማቆም የሚያስብ መምህር የሕግ ከለላው ስስ መሆኑን አውቆ መግባት አለበት። ሥራ አታቁሙ ብዬ አላውቅም። ያመለጠው ክፍለ ጊዜ የተመዘገበበት ማኅደር ሳይሞላ አታቁሙ ግን እላለሁ።

የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት ሲወጣ ከተፈታኙ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ብቻ ነበር፤ በቀጣዩ ዓመት 3.2 በመቶ ሆነ። ጣት ሁሉ ወደ መምህሩ ዞረ። ያኔ «እኛን አይመለከትም» ማለት አያዋጣም፤ ይመለከተናል። ነገር ግን ስታንዳርዱ ለሁለተኛ ደረጃ 40 ተማሪ በሚለው ክፍል ውስጥ ስንት ልጅ እንደተቀመጠ፣ መጽሐፉ ለስንት እንደሚዳረስ፣ ቤተ ሙከራው ስንት ዓመት ተቆልፎ እንደቆየ የሚያሳይ መዝገብ ያለው ትምህርት ቤት ጥፋቱን በየድርሻው ያከፋፍላል። መዝገብ የሌለው ሁሉንም ይሸከማል።

ጉራጌ ለልማት ገንዘብ የሚያዋጣ ሕዝብ ነው። በ1950ዎቹ መንገድ ያወጣው ራሱ አዋጥቶ ነው፤ ትምህርት ቤቶችንም እንዲሁ ሠርቷል። ለመስቀል ከአዲስ አበባና ከየከተማው ወደ አገሩ የሚገባው ሰው ለጣሪያ፣ ለወንበር፣ ለኮምፒውተር ስንጠይቀው እምቢ ብሎን አያውቅም። ለደመወዝ ግን ጠይቄው አላውቅም፤ ወደፊትም አልጠይቅም። መዋጮ ደመወዝ መሸፈን የጀመረ ዕለት በጀቱን የያዘው አካል ግዴታው ከትከሻው ይወርድለታል፤ ሀብታም ተወላጅ የሌለው ቀበሌም መምህር አልባ ይቀራል። ለአዋጪው ሕንፃውን፣ ለመንግሥት የመምህሩን ደመወዝ ማስላት የተሟጋቹ ድርሻ ነው።

ለተተኪዎቼ የምነግራቸው ግን ደመወዙ ከገባ በኋላ ስላለው ነው። ደመወዝ የተለቀቀ ዕለት ስብሰባው ይበተናል፣ ማኅደሩም ይዘጋል። ያመለጠው ክፍለ ጊዜ ግን አብሮ አልተከፈለም። ስለዚህ በዚያው ሳምንት የማካካሻ ፕሮግራም አውጥተን ቅዳሜና ከሰዓት እንገባለን፤ የክፍል አለቃው በዚያው ወረቀት ላይ ይሞላዋል፤ ግልባጩ ለወተመህ ይሄዳል። ጉዳቱን በክፍለ ጊዜ ቆጥሮ የጠየቀ መምህር ካሳውንም በክፍለ ጊዜ ቆጥሮ ሲከፍል ወላጅ ካየው፣ የሚቀጥለው ደብዳቤ ላይ ፊርማ ለማሰባሰብ ደጅ አይጠናም። ካላየው ደግሞ ልጆቹን የጠራናቸው ለደመወዛችን ምስክር ብቻ ነበር ማለት ነው።