ማሞ ቂሎ ማን ነው?
(ስለ ልጆች ንባብ የቀረበ ሂስ)



ባለፈው ቁጥር «ልጆቻችን ለምን አያነቡም?» በሚል ርእስ የወጣውን ጽሑፍ በጥሞና ተመልክተነዋል። ጸሐፊው ያነሡት ጉዳይ የሁላችንም ጭንቀት ስለሆነ ሊመሰገኑ ይገባል። ይሁን እንጂ ጥፋቱን በሙሉ በልጆቹና በስልኩ ላይ መጫናቸው እኛን አላረካንም። ስለሆነም በበኩላችን ሂስ ልናቀርብ ተነሥተናል። ሂስ ከራስ ሲጀምር ያምራልና፣ ከራሳችን እንጀምራለን።

ይህን የምንጽፈው ካምፓላ ውስጥ፣ ንሳምብያ ኮረብታ ላይ፣ ከቅዱስ ፍራንሲስ ሆስፒታል እምብዛም ባልራቀ አንድ የኪራይ ክፍል ሆነን ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ከጧቱ ሦስት ሰዓት ጀምሮ የአካባቢውን ያበሻ ልጆች ሰብስበን አማርኛ እናስነብባለን። ልጆቹ ከሰኞ እስከ ዓርብ በእንግሊዝኛ ይማራሉ፤ ሠፈር ውስጥ በሉጋንዳ ይጫወታሉ፤ አማርኛ የሚሰሙት አብዛኛውን ጊዜ ቤት ውስጥ ሲላኩና ሲቆጧቸው ነው። እናንተም በሠፈራችሁ ይህንኑ ሳትታዘቡ አትቀሩም።

ሥራውን ስንጀምር በአገራችን መምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጅ የቀሰምነውን ዘዴ ይዘን ነበር። አንዱን ልጅ አስነሥተን ጮክ ብሎ ያነባል፤ ሲሳሳት እናርመዋለን፤ ሲጨርስ «ከዚህ ታሪክ ምን እንማራለን?» ብለን እንጠይቀዋለን። ከልጆቹ መካከል አንዲት የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበረች። ፊደሉን ከሁሉም ቀድማ የለየችው እሷ ናት። አንድ ቅዳሜ አንዱን አንቀጽ አራት ጊዜ ደጋግማ እንድታነብ አደረግናት። ጓደኞቿ ሳቁ። በሳምንቱ ቀረች፤ ወር ሙሉም ሳትመጣ ቆየች።

ቤታቸው ድረስ ሄደን እናቷን ጠየቅን። እናትየዋ ቡና እያቀረቡ፣ «መምህር፣ እንዳይቀየሙኝ። የእንግሊዝኛውን ተረት መብራት እስኪጠፋ ድረስ ታነባለች። የአማርኛውን መጽሐፍ ሳወጣው ግን ‘ምን አጠፋሁ?’ ትለኛለች» አሉን።

ከዚያች ቀን ወዲህ ይህ አነጋገር ከጆሯችን አልጠፋም። ልጅቷ ማንበብ አላቃታትም፤ ንባብም አልጠላችም። የጠላችው እኛ በአማርኛ ንባብ ላይ የደረብንበትን ቅጣት ነው።

ማሞ ቂሎን የማያውቅ አንባቢ አይኖረንም። ተረቱ በየቤቱ በተለያየ መልክ ይነገራል። እኛ እንደሰማነው፣ ማሞ ለድካሙ ብር ይከፈለውና በእጁ ይዞት ሲመጣ ይጥለዋል። እናቱ «ኪስህ ውስጥ መክተት ነበረብህ» ትለዋለች። በማግሥቱ ወተት ሲሰጡት ኪሱ ውስጥ ይገለብጠዋል። «በራስህ ላይ መሸከም ነበረብህ» ትለዋለች። በሦስተኛው ቀን ቅቤ ይሰጡታል፤ ራሱ ላይ ጭኖት ሲመጣ ፀሐይ ታቀልጥበታለች። ልብ እንበል፤ የእናቱ ምክር አልተሳሳተም። የተሳሳተው ምክሩ የዋለበት ቦታ ነው።

እንግዲህ በልጆች ንባብ ረገድ ማሞ ቂሎ እኛው ራሳችን ነን። ጮክ ብሎ ማንበብና መታረም በቦታው መልካም ዘዴ ነው። በቤተ ክህነቱ ትምህርት ንባብ ራሱን የቻለ ደረጃ መሆኑ ይታወቃል። ተማሪው በግዕዝ ንባብ፣ በውርድ ንባብና በቁም ንባብ እያለፈ የሚነሣውንና የሚወድቀውን ቃል ለይቶ እንዲያውቅ መምህሩ በየቃሉ ያርመዋል፤ ነገ በሕዝብ ፊት ቆሞ የሚያነብ ነውና። በዘመናዊው ትምህርት ቤትም ብዙ ተማሪዎች አንድ መጽሐፍ ለብዙ በሚካፈሉበት ክፍል፣ ተራ በተራ ከማስነበብ ሌላ ምርጫ ያልነበረው መምህር ብዙ ነው። ነገር ግን ያንን ዘዴ አምጥተን ልጅ ለደስታው በሚያነብባት ሰዓት ላይ ስንጭነው፣ ወተቱን ኪስ ውስጥ ገለበጥነው ማለት ነው።

«ፊደል በቅጡ ያልለየ ልጅ ባለበት ስለ ደስታ ማውራት ቅንጦት ነው» የሚሉ አይታጡም። ክርክሩ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2010 በኢትዮጵያ በተደረገው የጀማሪ ክፍሎች የንባብ ምዘና፣ ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ሢሶ ያህሉ ከቀረበላቸው ምንባብ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም ነበር። ሆኖም ንባብ የሚቀናው በብዛት በማንበብ ነው፤ በብዛት የሚያነብ ደግሞ የወደደ ልጅ ነው። በሳምንት አንዲት አንቀጽ በፍርሃት የሚያነብና በየማታው አንድ ተረት በጉጉት የሚያነብ ልጅ በዓመቱ መጨረሻ እኩል አይገኙም።

ከእኛው ከስደተኞች መካከል ይህንን በተግባር ያሳየ ሰው አለ። ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ በስደት አሜሪካ ገብቶ በሳን ፍራንሲስኮ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት በልጆች ክፍል ይሠራ ነበር። በዚያ በብዙ ቋንቋ የተጻፉ የልጆች መጻሕፍት ሲደረደሩ፣ የአገሩን ልጆች በቋንቋቸው የሚያስነብብ መጽሐፍ አጣ። እ.ኤ.አ. በ1998 ለኢትዮጵያ ልጆች መጻሕፍት የሚያቀርብ ድርጅት አቋቋመ። ይኸንኑ የማሞ ቂሎን ተረት በአማርኛና በእንግሊዝኛ፣ ከነሥዕሉ አሳተመ። በ2003 በአዲስ አበባ የሾላን የልጆች ቤተ መጻሕፍት ከፈተ፤ ቀጥሎም በአዋሳ በአህያ በሚሳብ ጋሪ መጻሕፍትን ወደ ልጆች አደረሰ። በ2008 የአሜሪካው ሲኤንኤን ከዓመቱ አሥር ጀግኖች አንዱ አድርጎ መርጦታል።

በመጽሐፉ ላይም ሂስ አለን። ሁለት ቋንቋ አብሮ መታተሙ እንደኛ ላሉ ልጆች ድልድይም መሸሻም ነው፤ እንግሊዝኛው የሚቀናው ልጅ አማርኛውን ዘልሎ ያልፋል። ትልቁ ብልኅነቱ ግን በምርጫው ላይ ነው። ለልጆች መጽሐፍ ሲታሰብ ቶሎ የሚታየን ምክርና ተግሣጽ ሲሆን፣ እሱ ከተረቶቻችን ሁሉ የሚያስቀውን መረጠ።

ፈረንሳዊው መምህርና ደራሲ ዳንኤል ፔናክም እ.ኤ.አ. በ1992 ባወጣው መጽሐፍ ለአንባቢ አሥር መብቶች ዘርዝሯል። ገጽ መዝለል፣ ሳይጨርሱ መተው፣ ደግሞ ማንበብ፣ ጨርሶ አለማንበብም ጭምር ከመብቶቹ ውስጥ ናቸው። እኛ አዋቂዎች ለራሳችን የማንነፍገውን መብት ለልጆቻችን የነፈግነው በምን ሕግ ነው?

«ታዲያ ምግባር ከየት ይመጣል?» የሚሉ አባቶችና እናቶች እንዳሉ እናውቃለን። አባባ ተስፋዬን ያስታውሷል። ተስፋዬ ሣህሉ በ2017 እ.ኤ.አ. እስካረፉበት ጊዜ ድረስ የልጆች አባት ተብለው የተከበሩት፣ ከአርባ ዓመት በላይ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ተረት ስለነገሩን ነው። እሳቸውም ይመክሩ ነበር። ነገር ግን መጀመሪያ ተረቱን አስወደዱን፤ ምክራቸውንም የሰማነው ስለወደድናቸው ነው። እኛ ቅደም ተከተሉን ገለበጥነው።

ሂስ ያለ ሐሳብ ባዶ ነውና የሚከተለውን እናቀርባለን። አንደኛ፣ ይህ መልእክታችን በየቁጥሩ አንድ ገጽ ለልጆች ይተው፤ ፊደሉ ጎላ ብሎ ይጻፍ፤ በገጹ ግርጌም ጥያቄም ሆነ ትምህርት አይታከልበት። ሁለተኛ፣ በካምፑ ያሉ አረጋውያን ተረት ይንገሩ፤ እጃቸው የሚያምር ወጣቶች ይጻፉ፤ ልጆች ሥዕሉን ይሣሉ። ሦስተኛ፣ በ2014 እ.ኤ.አ. የተጀመረው የአፍሪካ የተረት መጻሕፍት ሥራ አማርኛን ጨምሮ በብዙ የአፍሪካ ቋንቋዎች ተረቶችን በነፃ ይሰጣል። ፈቃዱ ክፍት ስለሆነ ስልክ ያለው ሰው አውርዶ በእጅ ቢገለብጠው ከልካይ የለውም። አራተኛ፣ ማታ ማታ አንድ አዋቂ ሰው ለልጆቹ ያንብብላቸው። ማንበብ የማይችል ወላጅ ይንገራቸው፤ ያም የንባብ መጀመሪያ ነው።

እኛም ቅዳሜያችንን ለውጠናል። አሁን የምናነበው እኛ ነን፤ ልጆቹ ይሰማሉ፤ የፈለገ ይተኛል። በሁለተኛው ወር ያቺ ልጅ ታናሽ ወንድሟን ይዛ መጣች። እስከ ዛሬ አንድ ቃል እንኳ ጮክ ብላ አላነበበችልንም፤ በር አጠገብ ቁጭ ብላ ብቻ ትሰማለች። ባለፈው ቅዳሜ ግን ዝናብ መጣና ተረቱን እመካከሉ ላይ አቋርጠን ልጆቹን አሰናበትን። ክፍሉን ስናስተካክል መጽሐፉ አልነበረም።

በሳምንቱ በቦታው መልሳ አስቀመጠችው። አንብባው እንደሆነ አልጠየቅናትም። አንጠይቃትምም።