ለመኪና ሬድዮ ቀያሪው

ከጃፓን አገር አገልግላ የመጣችው ቪትዝ፣ ሬድዮዋ ከ76 እስከ 90 ሜጋኸርዝ ያለውን ብቻ እንዲቀበል የተሠራ በመሆኑ፣ ኤፍ ኤም አዲስን በ97.1፣ ሸገርንም በ102.1 ለመስማት ጆሮ አልተሰጣትም። ሬድዮዋን በሌላ ቀይሮ ይህን ጉድለት የሚፈውሰው የአዲስ አበባው የመገናኛ ሰፈር የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ፣ የዳሽቦርዱ ጠርዝ እንዳይሰነጠቅ በትዕግሥት ፈልቅቆ፣ የባትሪውን መስመር ከቁልፉ መስመር በቴስተር ለይቶ፣ ሁለቱ ቢለዋወጡ ሞተር በጠፋ ቁጥር የተመረጡት ጣቢያዎች እንደሚሰረዙ ያውቃልና፣ መጋጠሚያውን ሁሉ በናስትሮ ሲጠቀልል ማየት እንዴት ያለ ደስታ ነው! ከሁሉ የማደንቀው ግን፣ ብዙዎች ቸል የሚሉትን የማሳ ሽቦ፣ የመኪናዋን አካል ቀለም እስከ ብረቱ ፍቆ ማሰሩን ነው። የኤፍ ኤም ሞገድ ቀጥ ብሎ የሚጓዝ፣ ተራራም የሚጋርደው ስለሆነ፣ በፈረንሳይ ለጋሲዮን ዳገት ወደ እንጦጦ ግርጌ ለሚወጣ ሾፌር ጫጫታን የሚቀንስ እንዲህ ያለው ጥንቃቄ ከድምፅ ማጉያው ትልቅነት ይልቅ ይጠቅመዋል።