«ምን እየተነበበልዎ ነው?»፦ ስለሚደመጥ ልብ ወለድ፣ ከናይሮቢ

የንባብ ልማድን የሚመረምሩ መጠይቆች ብዙውን ጊዜ አንድ ጥያቄ አያጡም፤ «በአሁኑ ጊዜ ምን መጽሐፍ እያነበቡ ነው?» የሚለውን። ጥያቄው የዋህ ይመስላል። ወዳጅ ወዳጁን ሲያገኝ የሚጠይቀው ነው፤ መልሱም የመጽሐፉ ስም፣ ከዚያም «ልጨርሰውና አውስሃለሁ» የሚል ተስፋ ነው። ሆኖም ግሱ ባለቤት አድርጎ የሚቀበለው መጽሐፉን ገልጦ የያዘውን ሰው ብቻ ነው። አጠገቡ ተቀምጦ የሚያደምጠው ከቅጹ ውጭ ይቀራል። አማርኛ ይህን ሰው ለማስገባት «ለ»ን ከነተሳቢዋ በግሱ ላይ መጨመር ብቻ ይበቃዋል፤ «አነበበልኝ»፣ «ተነበበልኝ» ይላል። ስዋሂሊም «ኩሶማ» ከሚለው ግስ «ኩሶሜያ»ን (ለሰው ማንበብ)፣ ከእርሱም «ኩሶሜዋ»ን (መነበብለት) ያረባል። የሁለቱ ቋንቋዎች ሰዋስው የሚያውቀውን ሰው መጠይቁ አያውቀውም። በቋንቋ ፖሊሲና በኅትመት ገበያ ክርክር ላይ ግን የሚቀርበው ማስረጃ የመጠይቁ ነው።

በናይሮቢና በአካባቢዋ የዚህ ተደማሪ ሰው ታሪክ በሚገባ ተመዝግቧል። ንጉጊ ዋ ቲዮንጎ እ.ኤ.አ. በ1977 የመጨረሻ ቀን ተይዘው አንድ ዓመት ገደማ በካሚቲ ወህኒ ቤት ሲቆዩ በመጸዳጃ ወረቀት ላይ በጊኩዩ የጻፉት ልብ ወለድ በ1980 ለኅትመት በቃ። ርዕሱ በጊኩዩ አነባበብ «ሻይታኒ ሞዛራባይኔ» ነው፤ «ሰይጣን በመስቀል ላይ» እንደ ማለት። ደራሲው በ1986 ባሳተሙት፣ አእምሮን ከቅኝ ግዛት ስለ ማላቀቅ በሚናገረው የድርሰት መድበላቸው እንደሚመሰክሩት፣ አሳታሚው 5,000 ቅጂ አትሞ በዓመታት ውስጥ ለመሸጥ ሲያስብ ዓመቱ ሳይወጣ ሦስት ጊዜ ለማተም ተገደደ። ቁጥሩ በአገር ቋንቋ ለሚጻፍ ልብ ወለድ ገበያ የለም ለሚሉት በቂ መልስ ነበር።

ከቁጥሩ ይልቅ ግን ቀጥሎ የሚተርኩት ይበልጥ ይጠቅማል። ቤተሰብ ማታ ማታ ይሰበሰብና ፊደል የቆጠረው ለሌሎቹ ያነብባል። የፋብሪካ ሠራተኞች በምሳ ዕረፍታቸው አንዱን አንባቢ ከበው ይቀመጣሉ። በማታቱም ይነበባል። በመጠጥ ቤት ደግሞ ሙያው እንደ ሙያ የሚቆጠርለት አንባቢ ብቅ ይላል፤ ልብ በሚንጠለጠልበት ስፍራ ላይ ሲደርስ ብርጭቆው ባዶ መሆኑን አይቶ መጽሐፉን ያስቀምጣል፣ አድማጮቹም ፈጥነው ያስቀዱለታል። ከሦስቱ ኅትመቶች የወጣው 15,000 ቅጂ ስንት ጆሮ እንደ ደረሰ ከአሳታሚው መዝገብ ማወቅ አይቻልም፤ መዝገቡ የሚያውቀው የገዛውን ነው።

ንጉጊ ይህን ሁሉ ልብ ወለድ ወደ ቃላዊ ትውፊት መግባቱ ነው ብለው ይተረጉሙታል። ትርጓሜው በስፋት ተቀባይነት አግኝቷል፤ ይሁንና ሲመረመር ይላላል። የመጠጥ ቤቱ አንባቢ ተረት አይተርክም። የፊተኛው ሲጠቀምበት የነበረውን ሐረግ በሌላ አይለውጥም፣ ምዕራፍ አይዘልም፣ ከራሱ ፍጻሜ አይፈጥርም። ዓይኑ በተጻፈው ላይ ነው፤ ማቆምና መቀጠል ብቻ የእርሱ ነው። ይህ ቃላዊ ትውፊት ሳይሆን ንባብ ነው። «ቃላዊ» የሚለው ስያሜ ለአድማጩ ክብር የሚሰጥ ቢመስልም መልሶ ከአንባቢዎች ተርታ ያወጣዋል። በጊኩዩ ምድር ይህ መለያየት የቆየ መሠረት አለው፤ «አዞሚ» የሚለው ቃል በቀጥታ ሲፈታ «አንባቢዎች» ሲሆን ወደ ሚስዮን ትምህርት ቤት የገቡት ክርስቲያኖች መጠሪያ ነበር። በዚህ አጠራር አንባቢነት የማኅበራዊ ወገን ስም ነበር ማለት ነው።

በቃልና በጽሕፈት መካከል የተሰመረው ድንበር በራሱ በልብ ወለዱ ውስጥም አይጸናም። ታሪኩን የሚተርከው የጌሻንዴ ተጫዋች ነው። ጌሻንዴ በእንቆቅልሽ የሚመላለስ የጊኩዩ የግጥም ዓይነት ሲሆን፣ ተጫዋቹ የሚይዘው ቅል ምልክቶች የተቀረጹበት ነው፤ ግጥሙም እነዚያን ምልክቶች እየተከተለ ይሄዳል። እጅግ «ቃላዊ» ተብሎ የሚጠቀሰው ዘውግ እንኳ በእጅ የተያዘ ነገር ይነበብበታል። ታሪኩ ከናይሮቢ ተነሥቶ ወደ ኢልሞሮግ የሚጓዘው ደግሞ በማታቱ ውስጥ ነው፤ ተሳፋሪዎቹ በየተራ ይናገራሉ፣ ሌሎቹ ያደምጣሉ። ከመካከላቸው ጋትዊሪያ የተባለው የሙዚቃ ምሁር እንግሊዝኛ ሳይቀላቅል ጊኩዩ መናገር ይቸግረዋል። ይህ ለዓይን አንባቢ የአንድ ገጸ ባሕርይ ጠባይ ብቻ ነው። ድምፁን አውጥቶ ለሚያነብ ሰው ግን ሥራ ነው፤ በተሳፋሪዎች ፊት የምሁሩን የተሰባበረ ጊኩዩ መስሎ ማቅረብ ይኖርበታል። በመኪና የተሳፈሩ ሰዎች፣ በመኪና ተሳፍረው ስለሚደማመጡ ሰዎች ሲነበብላቸው ነበር። ደራሲው ለአድማጩ ወንበር ያዘጋጁለት መጽሐፉን ሲጽፉ ነው።

ለቋንቋ አጥኚ ከሁሉ የሚደንቀው የሆሄው ጉዳይ ነው። የጊኩዩ ሆሄ የላቲን ነው፤ አናባቢዎችን በምልክት ይለያል፣ ቃና ግን አይጽፍም፤ የአናባቢን ርዝመትም ወጥ በሆነ መንገድ አያሳይም። ንጉጊ ማታ የጻፉትን አንቀጽ ቆይተው ሲመለሱበት ትርጉሙን ፈጽሞ በሚለውጥ ሌላ መንገድ ሊነበብ እንደሚችል ያገኙት እንደነበር ጽፈዋል። መፍትሔ ያደረጉት በአረፍተ ነገሩና በአንቀጹ ዐውድ ላይ መደገፍን ነው። ረጃጅሞቹን አናባቢዎች ደርበው መጻፋቸውም ከዚሁ ችግር ጋር ሳይያያዝ አይቀርም። (የግዕዝ ፊደልም ርዝመትን ስለማይጽፍ ከላይ የሰፈረው ርዕስ በዚሁ ጉድለት የተጻፈ ነው።)

ይህ ችግር ወደ ሰሜን ሲሻገር አቻ ያገኛል። ሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በ1958 ዓ.ም. ሲያሳትሙ የገጠማቸው የአማርኛ ሆሄ ጉድለት ጥብቀት ነበር። «ይሰማል» የሚለው ቃል ላልቶ ሲነበብ «ያደምጣል» ነው፤ «ሰ» እና «ማ» ሲጠብቁ «ይደመጣል» ይሆናል። አድማጭንና ተደማጭን የሚለየው ጥብቀት ብቻ ነው፣ ፊደሉ ደግሞ እርሱን አይጽፍም። የፊደል መሻሻል ደጋፊ የነበሩት ሐዲስ በልብ ወለዳቸው ውስጥ በሚጠብቀው ፊደል ራስ ላይ ነጥብ አኖሩበት። እርምጃው በሥነ ልሳን ሚዛን ትክክል ነበር፤ ተከታይ ግን ብዙም አላገኘም። በሁለት አገር፣ በሁለት ሆሄ፣ ሁለት ልብ ወለድ ጸሐፊዎች ድምፃቸውን በወረቀት ላይ አስረው ለማኖር ታግለዋል፤ በሁለቱም ዘንድ ወረቀቱ ያልቻለውን የሠራው ሰው ነው።

በአማርኛው በኩል ሰውየው ስም አለው። ተዋናዩ ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በኢትዮጵያ ሬዲዮ ተረከው። መጽሐፉን በእጃቸው ይዘው የማያውቁ ሰዎች ስለ ሰብለ ወንጌልና ስለ በዛብህ እንደ ጎረቤቶቻቸው ያወሩት ከዚህ የተነሣ ነው። ሬዲዮው ይህን አቀራረብ «ትረካ» ይለዋል እንጂ «ንባብ» አይለውም፤ የስያሜው ስሕተት ከናይሮቢው «ቃላዊ» ጋር አንድ ነው። ወጋየሁ ያነበበው የሐዲስን አማርኛ ነው። የሠራው ሥራ ግን ከነጥብ እጅግ ይርቃል። የሐዲስ ነጥብ ጥብቀትን ይወስናል፤ ስላቅን አይወስንም። ጉዱ ካሣ እብድ ነው ወይስ ከመንደሩ ሁሉ ጤነኛ እርሱ ብቻ ነው? ጽሑፉ ጥያቄውን ክፍት አድርጎ ይሄዳል፤ ድምፅ ግን ቃሉ ከአፍ ሲወጣ አንዱን መምረጥ አለበት። የፊታውራሪ መሸሻ ኩራት አስቂኝ ይሁን አስፈሪ የሚለውም እንዲሁ። እዚህ ላይ ትርፍም ኪሳራም አለ። የወጋየሁን ድምፅ የሰማ ሰው መጽሐፉን በዓይኑ ሲያነብ እንኳ ያንኑ ድምፅ ከመስማት አያመልጥም፤ ለሌላ ጉዱ ካሣ የሚሆን ቦታ ጠብቧል። ሒሱ ይህን ኪሳራ ሊቆጥረው ይገባል። ያም ሆኖ እጅግ የተዋጣለት የ«ፍቅር እስከ መቃብር» ሒስ የተሠራው በማይክሮፎን ፊት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ድምፅ ለንባብ እንግዳ ነው የሚለው አሳብ ራሱ አዲስ ነው። በግዕዝ «ነበበ» ማለት ተናገረ ማለት ሲሆን «አንበበ» የእርሱ አስደራጊ ነው፤ ማንበብ ፊደልን ማናገር ነበር ለማለት ይቻላል። የቤተ ክህነት ትምህርት ቤት ፊደልን ካስቆጠረ በኋላ ተማሪውን በግዕዝ ንባብ፣ በውርድ ንባብና በቁም ንባብ ያሳልፈዋል። ቃሉ ተነሽ፣ ወዳቂ፣ ተጣይ ወይም ሰያፍ መሆኑን ለይቶ ማሰማት የመምህሩ የዘወትር ጭንቀት ነው። ምልክት በሌለው ገጽ ላይ የሚነሣውንና የሚወድቀውን የሚያውቅ ሰው «አንባቢ» ይባላል፤ ተአምረ ማርያም ሲነበብ ቆሞ የሚሰማው ምእመንም ከንባቡ ውጭ አይደለም። ዝም ብሎ ማንበብን የንባብ ሁሉ መለኪያ ያደረገው ኋላ የመጣው ትምህርት ቤት ነው። ናይሮቢም ዝምታውን የተማረችው በዘር ተከፋፍላ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1931 የተከፈተው የማክሚላን መታሰቢያ ቤተ መጻሕፍት እስከ 1958 ድረስ አፍሪካውያንን አያስገባም ነበር።

ድምፅ ግን ዋጋ ያስከፍላል። የሚደመጥን መጽሐፍ ያልተጋበዘም ያደምጠዋል። የንጉጊ «ማቲጋሪ» በ1986 በጊኩዩ ሲወጣ፣ እውነትንና ፍትሕን እየጠየቀ አገር የሚዞር ማቲጋሪ የሚባል ሰው አለ የሚል ወሬ ተሰማ። ደራሲው እንደሚተርኩት ባለሥልጣናት ሰውየው እንዲያዝ አዘዙ፤ ፖሊስ የልብ ወለድ ገጸ ባሕርይ መሆኑን ሲደርስበት በ1987 መጽሐፉን ከየመደብሩ ለቀመ። አንዳንዶች በዚህ ይስቃሉ። በሥነ ልሳን ዓይን ግን ጉዳዩ የሚያስቅ ብቻ አይደለም፤ አንድ ገጸ ባሕርይ ከመጽሐፍ ወጥቶ ስሙ በወሬ አረፍተ ነገር ውስጥ የሕያው ሰው ቦታ መያዙ መጽሐፉ ከገዢዎቹ ክበብ እጅግ ርቆ መነገሩን ያሳያል። የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» በ1975 ዓ.ም. ወጥቶ ወዲያው ከገበያ ሲሰበሰብ ደግሞ ነገሩ ተገለበጠ። የመንግሥት የሆነው ሬዲዮ ሊያሰማው አይችልም፤ መጽሐፉ ከእጅ ወደ እጅ በስውር ተዋሰ። ነቢይ መኮንን በማዕከላዊ እስር ቤት ሳለ የማርጋሬት ሚቸልን ልብ ወለድ «ነገም ሌላ ቀን ነው» ብሎ በሲጋራ ወረቀት ላይ የተረጎመውም በዚያው ሥርዓት ነው። እንዲህ ያለው መጽሐፍ የሚጠይቀው ዝም የሚል አንባቢ ነው። ስለዚህ የድምፅ ንባብ የመሃይምነት ምልክት እንዳልሆነ ሁሉ የዝምታ ንባብም የሥልጣኔ ምልክት አይደለም፤ አንዳንዴ የፍርሃት ምልክት ነው።

ዛሬ በናይሮቢ ጥያቄው ተመልሶ የሚመጣው በሌላ በር ነው። የኬንያ ትምህርት ፖሊሲ የአካባቢውን ቋንቋ ለመጀመሪያዎቹ ክፍሎች ይፈቅድና ከዚያ በኋላ ወደ እንግሊዝኛ ይሻገራል። ልጁ በእናቱ ቋንቋ ልብ ወለድ ለማንበብ ዕድሜው ሲደርስ፣ የቋንቋው ሆሄ ለዓይኑ እንግዳ ሆኗል። ከዚያ በኋላ «የአገር ቋንቋ መጽሐፍ አንባቢ የለውም» ሲባል የተለካው ምኑ ነው? የሆሄው ልምምድ ነው እንጂ ቋንቋውን የሚሰማ ጆሮ አይደለም። በናይሮቢ ተወልዶ በስዋሂሊና በእንግሊዝኛ የሚማር የኢትዮጵያውያን ቤተሰብ ልጅ ከዚህ የከፋ ሁኔታ ላይ ሊገኝ ይችላል፤ አማርኛን ይሰማል፣ ፊደል ግን አልቆጠረም። የወጋየሁ ትረካ አሁን በስልክ ይገኛል። ልጁ ከእናቱ ጋር ተቀምጦ ቢያደምጠው፣ «ይሰማል» የሚለው ቃል መቼ እንደሚጠብቅ ያለ አንዳች ምልክት ይለየዋል። በዚያው ስልክ ውስጥ የማጥበቂያው ምልክትም አለ፤ ዩኒኮድ እ.ኤ.አ. በ2005 ቦታ ሰጥቶታል፤ በዕለት ተዕለት ጽሑፍ ግን አይታይም። መጠይቁ እጁ ቢደርስ ይህ ልጅ «በአማርኛ ያነበቡት መጽሐፍ» በሚለው መስመር ላይ «የለም» ብሎ ይሞላል፤ እናቱ ወጥ ቤት ሆና የምትሰማው ምዕራፍ እየቀጠለ።