«ማዘመን» ስለ ተባለው ስያሜ

«አፕዴት» እና «አፕግሬድ» የተባሉት የኮምፒዩተር ሙያ ቃላት በአማርኛ «ማዘመን» በሚል አንድ ስያሜ ሲተረጐሙ ይታያል። ስያሜው ሁለት የተለያዩ ተግባራትን ያደባልቃል። ዴቢያን በተባለው የሰርቨር ሥርዓት «አፕት አፕዴት» የሚያድሰው የጥቅሎችን ዝርዝር ብቻ ነው፤ ጥቅሉን በአዲሱ የሚተካው «አፕት አፕግሬድ» ነው። («ጥቅል» መልካም ስያሜ ስለ ሆነ አንነካውም።) እንግዲህ «ሰርቨሩ ዘምኗል» የሚል ማስታወሻ ያነበበ ተረካቢ የትኛው እንደ ተፈጸመ በምን ይወቅ? ዝርዝሩ ታድሶ ቀዳዳው እንደ ተከፈተ ሊቀር ይችላል።

ከፍችውም ላይ ጉድለት አለ። «አዘመነ» ከዘመን የወጣ ግሥ እንደ መሆኑ አሮጌውን ዘመናዊ ማድረግን ያሳስባል። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2014 «ኸርትብሊድ» የተባለው የኦፕንኤስኤስኤል ቀዳዳ ይፋ ሲሆን፣ ዴቢያን 7 ያቀረበው የታረመ ጥቅል ያው 1.0.1ኢ ነበር፤ የተለወጠው ቀዳዳው መደፈኑ ነው። ዘመናዊነትን እዚህ ምን አመጣው? ጥቅሉ ከተተካ በኋላ እንኳ አገልግሎቶቹ እንደገና ካልተነሡ አሮጌው ቅጂ መሥራቱን ይቀጥላል።

ስለዚህ ለፊተኛው «ዝርዝር ማደስ»፣ ለኋለኛው «ጥቅል መተካት»፣ ለደኅንነት እርማቱም «መድፈን» እንዲባል እናሳስባለን። «መድፈን» የጣራና የእንስራ ቃል ነው ተብሎ ይናቅ ይሆናል፤ የሚሠራውን ግን በትክክል ይናገራል።