ለወጣት የተጻፈን ልብ ወለድ ኮልፌ ላይ ሆኖ መመዘን

ለወጣት የተጻፈ ልብ ወለድ እጄ ሲገባ መጀመሪያ የምፈልገው ረሃቡን ነው። ልጁ እናቱ ሞታበታለች፣ ከቤት ወጥቷል፣ በረንዳ ላይ አድሯል እንበል። ታዲያ ጠዋት ምን በላ? ከየት አመጣው? ከማንስ ጋር ተካፈለው? ደራሲው ይህን ዘልሎ በቀጥታ ወደ እንባው ከሮጠ አላምነውም። ያዘነ ልጅም ይርበዋል፤ ብዙ ጊዜ ደግሞ ሀዘኑንና ረሃቡን ለይቶ አያውቃቸውም።

ከአጠና ተራ እስከ አየር ጤና ባለው ሰፈር ያደገ አንባቢ ይህን ለመመዘን የሚያንሰው ነገር የለም። የሊስትሮ ሣጥን ተሸክሞ የሚውለውን፣ ከሆቴል ጓሮ ቡሌ የሚጠብቀውን ልጅ በዓይኑ ያውቀዋል። ስለዚህ አዲስ አበባን ለዓለም ወጣቶች ያስነበበችውን ኤልዛቤት ሌርድን ለዚህ አንባቢ ፍርድ ማቅረብ ደስ ይለኛል።

ሌርድ እ.ኤ.አ. በ1943 ኒው ዚላንድ ውስጥ ከስኮትላንዳውያን ወላጆች ተወልዳ እንግሊዝ ያደገች ናት። በ1960ዎቹ መጨረሻ ኢትዮጵያ መጥታ አስተምራለች፤ በ1990ዎቹ ተመልሳ ክፍለ ሀገሩን እየዞረች ተረት ከተራኪዎች አፍ ሰብስባለች። ስለ ስሜት አያያዟ የሚነግረን ግን ከዚህ ሁሉ ይልቅ የታናሽ ወንድሟ ነገር ነው። ከባድ የአካል ጉዳት ይዞ ተወልዶ በሕፃንነቱ የሞተውን ወንድሟን መነሻ አድርጋ በ1988 «ሬድ ስካይ ኢን ዘ ሞርኒንግ» የተባለውን ልብ ወለድ አሳተመች። አና የምትባለው ልጅ ወንድሟን ከልቧ ትወደዋለች፤ ትምህርት ቤት ግን ስለ እሱ ለማንም አትናገርም። ፍቅሩና እፍረቱ አንድ ደረት ውስጥ ይኖራሉ። ሁለተኛው ሚዛኔ ይኸው ነው፤ በደንብ በተጻፈ ወጣት ውስጥ ሀዘን ብቻውን አይመጣም። ቅናት፣ እፍረት፣ አንዳንዴም ተገላገልኩ የሚል የሚያስደነግጥ ሐሳብ አብሮት ይገባል። ንጹሕ ሀዘን ብቻ የሚያሳየኝን ደራሲ «ልጅ ሆነህ አታውቅም እንዴ?» ልለው ይቃጣኛል።

አሁን ወደ እኛ ሰፈር። በ2003 እ.ኤ.አ. የወጣው «ዘ ጋርቤጅ ኪንግ» የሁለት የአዲስ አበባ ልጆች ታሪክ ነው። ማሞ እናቱ ከሞተች በኋላ አጎትህ ነኝ ባለ ሰው ተታልሎ ገጠር ይወሰድና ለከብት ጠባቂነት ይሸጣል። ዳኒ የባለጸጋ ልጅ ነው፤ አባቱን ፈርቶ ከቤት ይጠፋል። ሁለቱ ተገናኝተው ከጎዳና ልጆች ቡድን ጋር ይቀላቀላሉ። የተገኘውን መካፈል የቡድኑ ሕግ ነው። ደካማ ደራሲ ቢሆን ሀብታሙን ልጅ የድሆቹ አዳኝ ያደርገው ነበር። እዚህ ግን ዳኒ ጎዳና ላይ ለምንም አይበቃም፤ መለመን እንኳ አይችልበትም። የሚችለው አንድ ነገር ተረት መጻፍ ነው። እሱ ይጽፋል፣ ማሞ ይሸጣል። ወዳጅነታቸው ከአዘኔታ ሳይሆን ከሥራ ተወለደ፤ የመጽሐፉ ጥንካሬም ለእኔ እዚህ ላይ ነው። ልጆቹን ሊያድን የሚመጣው ትልቅ ሰው በቶሎ ብቅ አለማለቱም ሌላ ብርታት ነው። የቡድኑ አንድ ልጅ ታሞ ሲሞት የሚያዝኑለት ጓደኞቹ ናቸው።

በመጽሐፉ ስም ላይ ያለው ቆሻሻ ራሱስ? በዚህ ላይ የኮልፌ ቀራንዮ አንባቢ ጨካኝ ቢሆን አልፈርድበትም። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. የቆሼ ቆሻሻ ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሞተዋል፤ ብዙዎቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። ቆሼ የሞት ቦታ ከመሆኑ በፊት የሥራ ቦታ ነበር። ፕላስቲኩን ከብረቱ የሚለይ፣ የትኛው መኪና ጥሩ ነገር ይዞ እንደሚመጣ የሚያውቅ፣ የሚሸጥለት ሰው ያለው ሠራተኛ ነበረበት። ስለዚህ ደራሲ ቆሻሻን ያነሳው ለማሳዘን ብቻ ከሆነ በሁለት ገጽ ውስጥ ይታወቅበታል። ሌርድ አብዛኛውን ጊዜ ታልፋለች፤ ልጆቹ በሰው ጥራጊ ውስጥ የሚጠቅማቸውን ማየት ይችላሉና።

የምትወድቅበትም አለ። ማለቂያው ይስተካከልላታል፤ ሁለቱም ልጆች የሚገቡበት ቤት ያገኛሉ። ለአሥራ ሁለት ዓመት አንባቢ ምሕረት ማድረጓ ይገባኛል፣ ነገር ግን ከዚያ በፊት የተጻፈውን ያህል አላመንኩትም። በ2014 እ.ኤ.አ. የወጣው «ዘ ፋስተስት ቦይ ኢን ዘ ወርልድ»፣ ሰሎሞን የሚባል ልጅ ከአያቱ ጋር ከገጠር አዲስ አበባ የሚመጣበት፣ ሩጫው ልብ ያንጠለጥላል፤ የድህነቱ ሥዕል ግን ትንሽ ለፖስትካርድ ይቀርባል።

ንግግሩም ይፈተን። የጎዳና ልጅ ባለ ሱቁን «ጋሼ» ብሎ አለሳልሶ፣ ዘወር ሲል ለጓደኛው በሌላ አፍ ያወራል፤ ማን የማን አለቃ እንደሆነ ከአጠራሩ ይታወቃል። ሌርድ በእንግሊዝኛ ይህን ማምጣት አትችልም፤ የእኛ ደራሲ ግን ካላመጣው ምክንያት የለውም። አዳም ረታ በ1997 ዓ.ም. ያሳተመው «ግራጫ ቃጭሎች» ለወጣቶች ተብሎ የተጻፈ አይደለም። ቢሆንም የመዝገቡ ዱባለን ልጅነት ያነበበ ሰው አማርኛ የልጅን ዓለም እስከ ምን ድረስ መሸከም እንደሚችል ያያል፤ ለወጣቶች እጽፋለሁ የሚል ሁሉ መጀመሪያ እዚያ ቢውል ይሻለዋል።

መጽሐፍ ለልጅዎ ሊገዙ ከሆነ ሽፋኑንና የጀርባውን ምስጋና ይለፉት። መሃሉ ላይ ይክፈቱና ልጆች ብቻቸውን የሚነጋገሩበትን ገጽ ይፈልጉ። ከዚያ ለአሥራ አራት ዓመት ልጅ ይስጡት፤ «ምን ተማርክ?» ብለው አይጠይቁት። «ከእነዚህ ውስጥ ከማን ጋር ትጣላ ነበር?» ይበሉት። ስም ጠርቶ ምክንያት ከደረደረ ይግዙት።