ዩሪዲን ለአእምሮ፦ ሲሚንቶ ስለተራገፈ ብቻ ፎቅ አይቆምም

ዩሪዲን የተባለውን ሰፕሊመንት የሚያስተዋውቁ ሰዎች ትኩረት ይጨምራል፣ ማስታወስን ያሻሽላል፣ በነርቭ ሴሎች መካከል አዲስ ግንኙነት ይፈጥራል ይላሉ። ፈተና ለደረሰበት ተማሪ ይሄ ጆሮ የሚስብ ወሬ ነው። ከወሬው ጀርባ ደግሞ እውነተኛ ሳይንስ አለ። ችግሩ ሳይንሱ ያሳየውና ሻጩ የሚለው አንድ አለመሆናቸው ነው።

እስቲ ከመጀመሪያው እንነሳ። ዩሪዲን ኑክሊዮሳይድ ነው፤ ዩራሲል የሚባል ሞለኪውል ራይቦዝ ከሚባል ስኳር ጋር ሲያያዝ ይፈጠራል። አር ኤን ኤ የሚገነባባቸው አራት ጡቦች የሚሠሩት ከእንዲህ ዓይነት ሞለኪውሎች ነው። በእናት ጡት ወተት ውስጥ ይገኛል፤ ጤነኛ ሰውነትም ራሱ ያመርተዋል። አንጎል ውስጥ ደግሞ ተጨማሪ ሥራ አለው፦ ኮሊንና ቅባት ተጣምረው የሴል ሽፋን እንዲሠራ ይረዳል።

በአሜሪካው ኤም አይ ቲ ይሠሩ የነበሩት ሪቻርድ ወርትማን ከዚህ ተነስተው አንድ ጥያቄ ጠየቁ፦ ጥሬ ዕቃው ቢጨመር ግንባታው ይፋጠናል ወይ? ጀርቢል የተባሉ ትናንሽ የበረሃ አይጦች ዩሪዲን፣ ኮሊንና በዓሣ ዘይት ውስጥ የሚገኘውን ዲ ኤች ኤ ሲመገቡ፣ ሲናፕስ የሚያርፍባቸው የነርቭ ሴል ጉጦች በዙ። በጣም ደስ የሚል ውጤት ነው።

ሰው ላይስ? ሱቨኔድ የተባለ መጠጥ ተዘጋጀ፤ በቀን 625 ሚሊግራም ዩሪዲን ሞኖፎስፌት ይዟል። እ.ኤ.አ. በ2010 በታተመው የመጀመሪያ ሙከራ፣ ቀለል ያለ አልዛይመር ያለባቸው ሰዎች በአንድ የቃላት ማስታወስ ፈተና ተሻሻሉ፤ በሰፊው የአእምሮ ፈተና ግን ለውጥ አልታየም። በ2012 በታተመው 259 ሰዎች ባሉበት ሙከራም የማስታወስ መሻሻል ታየ። በ2013 ግን 527 ታካሚዎችን ያካተተው ትልቁ ሙከራ ልዩነት አላገኘም። እርግጥ እነዚህ ታካሚዎች በሽታው የጠናባቸውና መድኃኒት የጀመሩ ነበሩ። በ2017 የወጣው የ24 ወር ጥናት 311 ሰዎች ነበሩት፤ በአንዳንድ ተጨማሪ መለኪያዎች ጥሩ ምልክት ቢያሳይም፣ አስቀድሞ በተመረጠው ዋና መለኪያ አልተሳካም።

ዋናው ቅሬታዬ እዚህ ላይ ነው። መጠጡ ዩሪዲን ብቻ አይደለም፤ የዓሣ ቅባት፣ ኮሊን፣ ፎሊክ አሲድና ሌሎች ቫይታሚኖችም አሉበት። በኢንጂነሪንግ አስር ነገር በአንዴ ቀይረህ ማሽኑ ቢሻሻል፣ የትኛው እንዳሻሻለው አታውቅም። ታዲያ ከዚህ ድብልቅ ዩሪዲንን ብቻ ነጥሎ በእንክብል መሸጥ በምን ማስረጃ ነው? ደግሞም የተፈተኑት በዕድሜ የገፉ ታካሚዎች ናቸው። የ20 ዓመት ጤነኛ ተማሪ እዚያ ውስጥ የለም።

ሳይት ላይ ሲሚንቶ ሞልቶ የጎደለው ብረት ከሆነ፣ ሌላ መኪና ሲሚንቶ ማራገፍ ፎቁን አያስነሳውም። ሲሚንቶው በእውነት ሲጎድል ግን ነገሩ ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ዩሪዲን ትራይአሴቴትን ያጸደቀው፣ ሰውነታቸው በዘር ችግር ዩሪዲን ማምረት ለማይችል በጣም ጥቂት ሰዎች ነው። በዚያው ዓመትም ፍሎሮዩራሲል የተባለ የካንሰር መድኃኒት ከመጠን በላይ ለደረሳቸው ሰዎች ማዳኛ እንዲሆን ተፈቀደ። ሞለኪውሉ ያኔ ሕይወት ያድናል።

ስለዚህ ዩሪዲን ውሸት ነው አላልኩም። እንዲህ ዓይነት ማስታወቂያ ስታዩ ግን ጠይቁ፦ የተፈተነው ማን ላይ ነው? ለብቻው ነው ወይስ ተደባልቆ? ከሙከራው በፊት የተመረጠው ዋና መለኪያስ ምን አሳየ? ሻጩ መልስ ከሌለው ገንዘባችሁን ኪሳችሁ አቆዩት። ለፈተናው ደግሞ በቂ እንቅልፍ ተኙ፤ እንቅልፍ ለማስታወስ እንደሚጠቅም በጤነኛ ወጣቶች ላይ ጭምር ታይቷል፣ ዋጋም አይጠይቅም።